ሰውን ምን ያስሮጠዋል?



ዛሬ አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ቀኑን ሙሉ ስትሠሩ ትውላላችሁ። ማታ ደግሞ ደብተር ይዛችሁ ትቀመጣላችሁ። ድካሙ አለ፤ እንቅልፉ አለ። ጎረቤትም «በዚህ ዕድሜ ፊደል ምን ሊያደርግ?» ይላል። ታዲያ ምን ይዟችሁ መጣ? መልሱን በልባችሁ ያዙት። እኔ የአንድ ሰው ታሪክ ላውጋችሁ።

ሰውዬው አበበ ቢቂላ ነው። ስሙን ሁላችንም እናውቃለን። ዛሬ ግን ሩጫውን ብቻ ሳይሆን፣ ያስሮጠውን ነገር እንፈልግ።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ጃቶ በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። ኋላ አዲስ አበባ መጥቶ የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ። በ1949 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ስፖርተኞች ሜልቦርን ኦሎምፒክ ደርሰው ተመለሱ። ልብሳቸው ላይ የአገራቸው ስም ተጽፎ ነበር። አበበ ያን ልብስ አይቶ፣ «ምነው ለእኔም በሆነ» ብሎ እንደተመኘ ይተረካል። መነሻው ይኸው ነው፤ ምኞት።

ምኞት ግን ብቻውን አያደርስም። ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን አበበን በየቀኑ ያለማምደው ነበር። ቀን በቀን፣ ዳገት ቁልቁለት። ሰውን ለማትጋት «በርታ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ከጎኑ መቆምም ያስፈልጋል።

ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ የማራቶን ሩጫ ሆነ። መንገዱ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። አዲሱ ጫማ ስላልተመቸው አበበ በባዶ እግሩ ሮጠ። በልምምድም በባዶ እግሩ ይሮጥ ስለነበር አልከበደውም። መጨረሻው ሲቃረብ ከመንገዱ ዳር የአክሱም ሐውልት ቆሟል። ኢጣልያ በወረራው ዘመን ነቅላ የወሰደችው፣ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ የተመለሰው ሐውልት ነው። አበበና አሠልጣኙ እዚያ ሲደርስ እንዲፈጥን አስቀድመው ተስማምተው ነበር። የሞሮኮው ራዲ አብሮት ይሮጣል። ሐውልቱ ጋ ሲደርሱ አበበ ጥሎት ሄደ። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ራዲን የቀደመው በ25 ሰከንድ ነው። ማግስቱ እንቁጣጣሽ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ረጅም መንገድ ምልክት ይፈልጋል። «መጽሐፍ ሙሉ አነባለሁ» ከማለት በፊት፣ «ዛሬ አንድ ገጽ» ማለት ይሻላል።

በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ደግሞ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካወጣ አምስት ሳምንት ገደማ ብቻ ሆኖት ነበር። ግን አሸነፈ። የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ግን እግሩ ታመመ። 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ አቆመ። ማሞ ወልዴ ኋላ እንደተናገረው፣ አበበ ከማቆሙ በፊት «አንተ ማሸነፍ አለብህ» የሚል አደራ ሰጠው። ማሞም አሸነፈ። እናንተስ ራሳችሁ ሲደክማችሁ ጓደኛችሁን ታበረታታላችሁ? ወይስ «እኔ ካልሆንኩ ማንም አይሁን» ትላላችሁ?

በዚያው ዓመት መጋቢት ወር አበበን የመኪና አደጋ ደረሰበት። ከዚያ ወዲያ በእግሩ አልሄደም። ሰው «በቃ፣ አለቀለት» ሊል ይችላል። እሱ ግን በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በእንግሊዝ አገር በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ መንሸራተቻ ውድድር አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. አረፈ። እግሩን አጣ፤ ትጋቱን ግን አላጣም።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። አንዱ የሚማረው ደረሰኝ አንብቦ እንዳይታለል ነው። አንዷ የልጇን ደብዳቤ ሰው ሳታስነብብ ለማንበብ ነው። ሌላው በጣቱ ማተም ስላስመረረው ነው። ሁሉም ትክክል ናቸው። የእናንተ ምክንያት ለባልንጀራችሁ ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ ከመምከራችሁ በፊት ጠይቁት፤ «አንተን ምን ይዞህ መጣ?» በሉት።

ዛሬ ማታ ደብተራችሁን ግለጡ። «የምማረው ለ...» ብላችሁ ጀምሩና አረፍተ ነገሩን ራሳችሁ ጨርሱት። እንቅልፍ ሲመጣ ያቺን መስመር አንብቧት። እሷ የእናንተ ሐውልት ናት። በርቱ!