የጃፓን በረዶና የዶሎ ኦዶ ድርቅ

በሰሜን ጃፓን፣ በሆካይዶ ደሴት፣ ኒሴኮ የሚባል የበረዶ ሸርተቴ መዝናኛ አለ። ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ በአንድ ወቅት ከ10 ሜትር በላይ በረዶ ይወርድበታል፤ ጥርና የካቲት ላይ ይብሳል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከሳይቤሪያ የሚነሣው ቀዝቃዛ ነፋስ የጃፓንን ባሕር ሲያቋርጥ እርጥበት ይሸከማል፤ ተራራ ሲገጥመው ወደ ላይ ይወጣና ሸክሙን በበረዶ መልክ ያራግፋል።

ይህ ለዶሎ ኦዶ ሰው ምኑ ነው? በረዶ ማለት እዚያ ከማቀዝቀዣ የሚወጣ ነገር ነው። ከተማዋ በዓመት የምታገኘው ዝናብ በአማካይ 300 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ነገር ግን የሁለቱን ቦታዎች የዓመታት ታሪክ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ያያል። ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን የዶሎን ወቅቶች እንወቅ።

እኛ ደገኞቹ ዓመቱን የምንከፍለው በክረምት ነው። ሰኔ ግም ሲል ዝናብ፣ መስከረም ሲጠባ አበባ። በዶሎ ግን ይህ አይሠራም። የሶማሌ አርብቶ አደር ዓመቱን በአራት ይከፍለዋል፦ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ግንቦት ዋናው ዝናብ ጉ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነፋሻማውና ደረቁ ሐጋ፣ ጥቅምትና ኅዳር አጭሩ ዝናብ ዴይር፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት አስጨናቂው ጅላል። በብሔራዊው የአየር ጠባይ አከፋፈል ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ «በጋ» ይባላል። በዶሎ ግን ዴይር የሚዘንበው በዚሁ «በጋ» ውስጥ ነው። ስለዚህ ዴይር ሲቀር፣ የአዲስ አበባ ጆሮ «በጋ ነውና ምን ይጠበቃል» ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

ወንዞቹም እንዲሁ ያታልላሉ። ገናሌና ዳዋ ከሩቁ ደጋ ተነሥተው ዶሎ አጠገብ ይገናኙና ጁባ ተብለው ወደ ሶማሊያ ይዘልቃሉ። ከወንዙ ዳር ውኃ እየፈሰሰ፣ ጥቂት ራቅ ብሎ ግን ከብት በጥም ይወድቃል።

ወቅቱን ያላወቀ በዚያ ምድር ዋጋ እንደሚከፍል በ1928 ዓ.ም ታይቷል። ራስ ደስታ ዳምጠው ከሲዳሞ ጦር አስከትተው ወደ ዶሎ ወረዱ። መንገዱ ረጅም፣ ስንቅ ጥቂት፣ ወባው ብርቱ ነበር። ግራዚያኒ የመልስ ምቱን ከዶሎ የጀመረው ጥር 3 ቀን ነው። ጥር የጅላል ልብ ነው፤ መሬቱ ደርቆ ለካሚዮንና ለብረት ለበስ ይመቻል፣ እግረኛን ግን ከወንዝ የራቀ ዕለት ጥም ይገድለዋል። አውሮፕላኑም፣ መትረየሱም፣ ጥሙም ተባብረው የራስ ደስታን ሠራዊት ፈቱት። ጣሊያኖች ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ገሥግሠው ነገሌ የገቡት ጥር 11 ቀን፣ በጥምቀት ዕለት ነበር። ሽንፈቱን ያመጣው የአየር ጠባይ ነው አልልም፤ የመሣሪያው ብልጫ ግልጽ ነው። ቢሆንም ጅላል የቆመው ሞተር ካለው ወገን ጋር ነበር።

አሁን ወደ ጃፓን እንመለስ። የፓስፊክ ውቅያኖስ መካከለኛና ምሥራቃዊ ክፍል ከወትሮው ሲቀዘቅዝ ላ ኒና ይባላል። ያን ጊዜ ሞቃቱ ውኃና ዝናቡ ወደ ኢንዶኔዥያ አካባቢ ይሰበሰባል፤ በምሥራቅ አፍሪካ ላይ ያለው አየር ወደ ታች ይጫናል፣ ዴይርም ይከሳል። በዚያው ወቅት ጃፓን ላይ ቅዝቃዜው ይበረታል፣ በረዶውም ይከመራል። ሁልጊዜ አይደለም፤ ዝንባሌው ግን ይታወቃል።

በ2003 ዓ.ም መግቢያ ጠንካራ ላ ኒና ነበር። ያን ክረምት በምዕራብ ጃፓን ከባድ በረዶ ወረደ። በዶሎ ዙሪያና በደቡብ ሶማሊያ ዴይር ቀረ፤ ተከትሎም ጉ ከሸፈ። ሐምሌ 13 ቀን 2003 ዓ.ም የተባበሩት መንግሥታት በሶማሊያ ረኃብ መግባቱን ዐወጀ። ቦቆልማዮና መልካዲዳ መጠለያዎች ሞልተው ቆቤ፣ ሂላወይንና ቡራሚኖ ተጨመሩ። በሶማሊያ ወደ 260,000 የሚጠጋ ሰው እንዳለቀ፣ ግማሹም ከአምስት ዓመት በታች ሕፃን እንደነበር ኋላ ተጠና።

በ2013 ዓ.ም መግቢያም ላ ኒና ተመለሰ። ታኅሣሥ ላይ በጃፓን አንድ አውራ ጎዳና ላይ ከ1,000 በላይ መኪኖች በበረዶ ተቀርቅረው አደሩ። እኛ ዘንድ ከዚያው ዓመት ዴይር ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ከቦረና እስከ ሶማሌ ክልል በሚሊዮን የሚቆጠር ከብት አለቀ።

ከዚያ ተገለበጠ። በ2016 ዓ.ም ኤል ኒኖ መጣ፣ የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍልም ሞቀ። ጃፓን ክረምቱ ለስላሳ ሆኖባት ብዙ የሸርተቴ ቦታዎች በበረዶ እጥረት ተቸገሩ። ዶሎ ኦዶ ግን ገናሌና ዳዋ ሞልተው ጎርፍ ገባባት። ድርቁ ያተረፈውን ጎርፉ ወሰደ።

እንግዲህ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የፓስፊክ ሁኔታ ከዴይር በፊት፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ በአብዛኛው ይታያል። በ2003ም ማስጠንቀቂያው ረኃቡ ከመታወጁ ከብዙ ወራት በፊት ተሰጥቶ ነበር። የጎደለው ዕውቀት አልነበረም፤ እርምጃ ነበር። የእርዳታው ገንዘብ በብዛት የመጣው የከሱ ሕፃናት ፎቶ ከታየ በኋላ ነው።

የጃፓን ሸርተቴ ቤቶች የበረዶውን ውፍረት በየማለዳው በሴንቲ ሜትር ለክተው ያሳውቃሉ፤ ገበያቸው ነውና ትንበያውን በዋዛ አያልፉትም። የዶሎ አርብቶ አደር በትንበያው ላይ የተንጠለጠለው ገበያ ብቻ አይደለም፣ ነፍስ ነው። ላ ኒና መምጣቱ ሲነገር ከብቱ ሥጋ ሳይጥል በደህና ዋጋ የሚሸጥበት ገበያ ይዘጋጅ፣ መኖ ይከማች፣ ጉድጓዱ ይጠገን። ኤል ኒኖ ሲባልም ከወንዝ ዳር ያለው ሰው በጊዜ ይነሣ። ትንበያው ተሳስቶ ዝናቡ ቢመጣ የተከማቸው መኖ ለሚቀጥለው ጅላል ይሆናል። ትንበያው እውነት ሆኖ እኛ ካልተዘጋጀን ግን የሚቆጠረው ሬሳ ነው።

እኛ ዜና ተከታታዮችም ብንሆን ልማዳችንን እንመርምር። ድርቅ ዜና የሚሆነን ከብቱ ከወደቀ በኋላ ነው። ከእንግዲህ ጃፓን በበረዶ ተቀበረች የሚል ወሬ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ስትሰሙ፣ ዶሎ ላይ ዴይር እንዴት ነበር ብላችሁ ጠይቁ።