የወሊድ መጠን እንዴት ይለካል? ቁጥሩስ ምን ያመለክታል?

የአንድ አገር ሴቶች በአማካይ ስንት ልጅ እንደሚወልዱ ሳይታወቅ የትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ ግንባታ ማቀድ አዳጋች ነው።

ቀላሉ መለኪያ ጥሬ የወሊድ መጠን ሲሆን፣ በአንድ ዓመት ውስጥ በሕይወት የተወለዱ ሕፃናትን ከ1 ሺህ ነዋሪዎች ጋር ያነጻጽራል። ይሁን እንጂ ስሌቱ አረጋውያንንና ሕፃናትን ጭምር ስለሚያካትት፣ የዕድሜ ስብጥራቸው የተለያዩ አካባቢዎችን ለማወዳደር አይበጅም። በመሆኑም የሥነ ሕዝብ ባለሙያዎች ጠቅላላ የወሊድ መጠን የተባለውን መለኪያ ይመርጣሉ።

በዚህ ስሌት ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች አምስት አምስት ዓመት በሚሸፍኑ ሰባት የዕድሜ ክልሎች ይመደባሉ። ለምሳሌ ከ20 እስከ 24 ዓመት ያሉ 1 ሺህ ሴቶች በዓመት 200 ልጆች ቢወልዱ የአንዷ ድርሻ 0.2 ይሆናል፤ ይህም በአምስት ዓመት አንድ ልጅ ማለት ነው። የሰባቱ ክልሎች ውጤት ሲደመር ጠቅላላው መጠን ይገኛል። ስለሆነም ቁጥሩ እናቶች እስካሁን የወለዷቸውን ልጆች አማካይ ሳይሆን፣ አንዲት ሴት የመራቢያ ዕድሜዋን በወቅቱ የወሊድ ሁኔታ ብትፈጽም የሚኖሯትን ልጆች ያመለክታል።

በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. በመሆኑ፣ እስከዚያ ድረስ መረጃው በዋናነት ይገኝ የነበረው ከሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች ነው። በጥናቶቹ እያንዳንዷ ሴት አብረዋት ስለሚኖሩ፣ በሌላ ቦታ ስለሚኖሩና ስለሞቱ ልጆቿ ለየብቻ ትጠየቃለች። በጨቅላነቱ የሞተ ልጅ ሳይነገር ከቀረ መጠኑ ከእውነታው ዝቅ ይላል።

በ1985 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ፣ በወቅቱ 7.7 የነበረውን መጠን በ2007 ዓ.ም. ወደ 4.0 ገደማ ለማውረድ ግብ አስቀምጦ ነበር። በጥናቶቹ መሠረት መጠኑ በ1997 ዓ.ም. 5.4፣ በ2003 ዓ.ም. 4.8፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ 4.6 ነበር።

የ2008ቱ አገራዊ አማካይ ሰፊ ልዩነት ይዟል። መጠኑ በከተማ 2.3፣ በገጠር 5.2፣ በአዲስ አበባ 1.8፣ በሶማሌ ክልል ደግሞ 7.2 ነበር። በመሆኑም አማካዩን ብቻ ይዞ የሚዘጋጅ ዕቅድ ለአንዱ አካባቢ ሲያንስ ለሌላው ይተርፋል።

ከዚህም ሌላ መጠኑ ቢቀንስም፣ ለእናትነት የሚደርሱ ወጣቶች ቁጥር እየጨመረ በሚሄድበት አገር የሚወለዱ ሕፃናት ብዛት ወዲያውኑ አይቀንስም። ስለዚህ ዕቅድ አውጪዎች የወሊድ መጠኑን ከየአካባቢው የሴቶች ብዛትና ዕድሜ ጋር አጣምረው ሊያዩት ይገባል።