ደዌን ስለ መሸሸግና ስለ መግለጥ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል የአገር ተረት። ነገሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን የደዌ ታሪክ ሲመረመር ሌላም እውነት ይገኝበታል፤ ይኸውም መድኃኒት የሌለው በሽታ መሸሸጉ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

በ1495 ቂጥኝ በኔፕልስ ከተማ በወታደሮች መካከል በተነሣ ጊዜ፥ ኢጣልያኖች «የፈረንሳይ በሽታ» አሉት፤ ፈረንሳዮችም «የኔፕልስ በሽታ» ብለው መለሱላቸው። ሕዝብ እንኳ ነውሩን በጎረቤቱ ላይ ከጣለ፥ ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው ቢካሰሱ አያስደንቅም። በ1906 ጀርመናዊው ቫሰርማን ደዌውን በደም የሚያስታውቅ ምርመራ አወጣ፤ በ1910 ደግሞ የኤርሊኽ መድኃኒት ሳልቫርሳን ወጣ። በ1918 የስዊድን መንግሥት ባወጣው ሕግ በሽተኛው ያለ ዋጋ እንዲታከም አደረገ፤ ደዌው ከማን እንደ ያዘውም ይጠየቅ ነበር። ጥያቄውና ሕክምናው አብረው መምጣታቸው ልብ ሊባል ይገባል።

የኤች.አይ.ቪ. ነገር ግን ከዚህ ተለየ። ቫይረሱ በፓሪስ በፓስተር ተቋም በ1983 ታወቀ፤ የደም ምርመራው በ1985 ወጣ፤ ኃይሉን የሚገታ የመድኃኒቶች ቅንብር ግን እስከ 1996 ድረስ አልተገኘም። በእነዚያ 11 ዓመታት መመርመር ለብዙ ሰው የሞቱን ወሬ ቀድሞ እንደ መስማት ነበረ። ባልንጀራውን ከመጠበቅ በቀር ያወቀው ሰው የሚያተርፈው ጥቂት ነው፤ የሚያጣው ግን ትዳሩን፥ ቤቱንና እንጀራውን ነው።

በኢትዮጵያ የኤድስ በሽተኞች መጀመሪያ የታወቁት በ1986 ነው። ከፈተናው ሁሉ የከበደው በሴቶች ላይ ወደቀ። እርጉዝ ሴት ለክትትል ወደ ሐኪም ቤት ስትሄድ ስለምትመረመር፥ ብዙ ጊዜ ከባልዋ ቀድማ የምታውቀው እርስዋ ናት። ቀድማ ያወቀች ግን ቀድማ ያመጣች ትባላለች። ብትናገር መባረርንና መደብደብን ትፈራለች፤ ዝም ብትል ባልዋ ሳይመረመር ይቀራል። ባልም በበኩሉ «እርስዋ ነጻ ከሆነች እኔም ነጻ ነኝ» ብሎ ይቀመጣል። ይህ ስሕተት ነው፤ አንዱ ተይዞ ሌላው ሳይያዝ ብዙ ዓመት አብረው የሚኖሩ ባልና ሚስት አሉና።

ፍርሃትን ያላላው ተስፋ ነው። በ1994 የታተመ ጥናት፥ ካልታከሙ እናቶች ከሚወለዱ 100 ሕፃናት 25 ያህሉ ሲያዙ፥ እናቶቻቸው መድኃኒት ከወሰዱት ግን 8 ያህሉ ብቻ መያዛቸውን አሳየ። በኢትዮጵያ መድኃኒቱ በ2005 ያለ ዋጋ ይሰጥ ጀመር። ጠበል የሚጠመቁ ብዙ ምእመናን መድኃኒቱን መውሰድ እምነት ማጉደል መስሎአቸው ሲተዉ ነበርና፥ በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናገሩ። በ2011 ደግሞ፥ በጊዜው የታከመ ሰው ደዌውን ለትዳር ጓደኛው የሚያስተላልፍበት ዕድል ከ100 ከ90 በላይ እንደሚቀንስ ተረጋገጠ። ስለዚህ መናገር የመለያየት ወሬ መሆኑ ቀርቶ አብሮ የመኖር መንገድ ሆነ።

በ2016 የዓለም ጤና ድርጅት ለመናገር ለሚከብደው ሰው የሚረዳ ምክር አወጣ፤ ይኸውም በሽተኛው ሲፈቅድ የጤና ባለሙያው ጓደኛውን ወደ ምርመራ እንዲጠራ ነው። ካህን የተነሳሒውን ምስጢር እንደሚጠብቅ፥ ሐኪምም ይህን ምስጢር ካልጠበቀ የሚናገር አይገኝም።

እንግዲህ በሽታውን በሸሸገ ሰው ላይ ከመፍረድ አስቀድሞ፥ በተናገረ ጊዜ የሚቀበለው ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። መድኃኒትና ደጅ የማይዘጋበት ቤት ከቈዩት፥ ያን ጊዜ ተረቱ እውነት ይሆናል።