የማኅበረሰብ የትምህርት ድጋፍ (ጅማ ዞን)

የማኅበረሰብ የትምህርት ድጋፍ 12ኛ ክፍልን አጠናቀው ወደ ከፍተኛ ትምህርት ለሚገቡና የገንዘብ አቅም ለሌላቸው ተማሪዎች የአካባቢው ነዋሪዎች፣ ማኅበራትና ተቋማት የሚያደርጉት እርዳታ ነው። በኦሮሚያ ክልል ጅማ ዞን፣ ደዶን ጨምሮ ቡና በሚያመርቱ ወረዳዎች፣ ዋና ምንጮቹ ዕድር፣ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ የሃይማኖት ተቋማትና በከተማ ወይም በውጭ አገር የሚኖሩ ተወላጆች ናቸው።

አስፈላጊነቱ

በ2017 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 585,882 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 48,929 (8.4 በመቶ) ነበሩ። ውጤቱን ያመጣ ተማሪ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለመግባት በቅድሚያ የሚከፍለው የትምህርት ክፍያ አይኖርም። በወጪ መጋራት ደንብ መሠረት ተማሪው ውል ይፈርማል፤ የምግብና የመኝታውን ወጪ፣ ከትምህርት ወጪው ደግሞ የተወሰነውን ድርሻ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ይከፍላል።

ውሉ የማይሸፍነው የመነሻ ወጪን ነው። ይህም የመጓጓዣ፣ የልብስ፣ የአንሶላና ብርድ ልብስ፣ የደብተርና የኪስ ገንዘብ ነው። ምደባውን የሚያከናውነው የትምህርት ሚኒስቴር በመሆኑ፣ ለጅማ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ የሆነ የደዶ ተማሪም ወደ ሩቅ ክልል ሊመደብ ይችላል። ስለዚህ አነስተኛ ድጋፍም ተማሪው በመግባትና በመቅረት መካከል ልዩነት ሊፈጥር ይችላል።

የድጋፍ ምንጮች

* ዕድር፦ በዋናነት ለቀብርና ለኀዘን የተቋቋመ ቢሆንም፣ አንዳንድ ዕድሮች በአባላት ስምምነት ለችግረኛ ተማሪዎች መዋጮ ያሰባስባሉ።
* ኅብረት ሥራ ማኅበራት፦ ፌርትሬድ በተባለው የፍትሐዊ ንግድ ሥርዓት ቡና ሲሸጥ ከዋጋው በላይ ለአንድ ፓውንድ 20 የአሜሪካ ሳንቲም ተጨማሪ ክፍያ ይታሰባል፤ ከዚህ ቢያንስ 5 ሳንቲም ለምርታማነትና ለጥራት ይመደባል። ቀሪው የሚውልበትን አባላት በጠቅላላ ጉባኤ ይወስናሉ። በ1991 ዓ.ም. የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን አባል ማኅበራት ከዚህ ገንዘብ ትምህርት ቤቶችን ሠርተዋል።
* የሃይማኖት ተቋማት፦ አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በሆነበት በጅማ ዞን ዘካ ለድሃ ቤተሰብ ተማሪዎችም ሊሰጥ ይችላል። አብያተ ክርስቲያናትም ከምእመናን እርዳታ ያሰባስባሉ።

አጠያየቅ

ብዙውን ጊዜ የሚጠየቁት ሰነዶች የብሔራዊ ፈተና ውጤት፣ የ9ኛ–12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት፣ የዩኒቨርሲቲ ምደባ ማስረጃና ቤተሰቡ አቅም እንደሌለው የሚገልጽ የቀበሌ ደብዳቤ ናቸው። ማመልከቻው አጭር ሆኖ የሚፈለገውን ነገር ከነዋጋው ቢዘረዝር ለኮሚቴው ውሳኔ ያመቻል። በዕድር ተማሪው የሚያመለክተው በአባል ወላጁ ወይም አሳዳጊው በኩል ነው።

ውስንነቶች

ዋናው ችግር የጊዜ አለመገጣጠም ነው። የ2016 እና የ2017 ዓ.ም. ፈተናዎች በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ተሰጥተው ውጤታቸው በጳጉሜንና በመስከረም ይፋ ሆኗል። በጅማ አካባቢ ግን ቡና በብዛት የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሲሆን፣ ክረምት የገበሬው እጅ የሚያጥርበት ወቅት ነው። የፍትሐዊ ንግድ ክፍያ ደግሞ የሚገኘው ቡናው ከተሸጠ በኋላ ነው። በዚህ ምክንያት ድጋፍ ከውጤት በኋላ ከሚጠየቅ ይልቅ ካለፈው ዓመት ሽያጭ አስቀድሞ ቢያዝ በጥሪ ጊዜ ይደርሳል።

ሌላው ውስንነት መደበኛ መመሪያ አለመኖሩ ነው። መስፈርቱ በጽሑፍ ካልተቀመጠና የተመረጡት ተማሪዎች ለአባላት ካልተገለጹ፣ ድጋፉ ለኮሚቴው ቅርብ ለሆኑ ቤተሰቦች ሊያደላ ይችላል። አባል ያልሆኑ ቤተሰቦች ልጆችም ከዕድርና ከኅብረት ሥራ ድጋፍ ውጭ ሊቀሩ ይችላሉ።