አንድ ፊልም፣ ሁለት ልጆች



ከወልቂጤም ከቡታጅራም ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ ሁለቱም ልጆቼ ያዩት አንድ ፊልም ነው። ትልቁ በማግስቱ ሰፈሩን በካራቴ ያምሳል፤ ትንሿ ደግሞ ሌሊት እየባነነች ታለቅሳለች። የታመመው የቱ ነው?» ብዙውን ጊዜ ሁለቱም አልታመሙም። ምክንያቱን ለማየት ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ለብዙ ዓመታት ጣቢያው አንድ፣ ስርጭቱም ለተወሰኑ ሰዓታት ብቻ ስለነበር ልጅ የሚያየውን ወላጅም አብሮ ያየው ነበር። ከዚያ በየከተማው ቪዲዮ ቤቶች ተከፈቱ። ልጆች ሳንቲም ከፍለው የብሩስ ሊንና የቫን ዳምን ድብድብ ለማየት ይጋፉ ጀመር፤ ወላጅ ግን አጠገባቸው አልነበረም። ቀጥሎ ዲሽ መጣ፤ ዛሬ ደግሞ ሁሉም ስልክ ውስጥ ገብቷል።

ተመራማሪዎችም ጉዳዩን ሲከታተሉት ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1961 አልበርት ባንዱራ በስታንፎርድ ከ72 ሕፃናት ጋር ባደረገው ሙከራ፣ ትልቅ ሰው አሻንጉሊት ሲደበድብ ያዩ ልጆች ምቱንም ንግግሩንም ደገሙት። እ.ኤ.አ. በ1963 ድብደባውን በፊልም ያዩትም እንዲሁ አደረጉ። ካናዳ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ1973 ቴሌቪዥን የገባላት አንዲት ትንሽ ከተማ ተጠንታ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የልጆቿ ጠብ ጨምሮ ተገኘ።

ታዲያ ልጆች ሁሉ ለምን አንድ አይሆኑም? ባሕርያቸው ስለሚለያይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ማርቪን ዙከርማን፣ ሰው ልብ የሚያንጠለጥል ነገር ምን ያህል እንደሚወድ የሚለካ መጠይቅ አወጣ። በኋላ የመጡ ጥናቶች ይህ ባሕርይ የበረታባቸው ሰዎች የድብድብ ፊልም እንደሚያዘወትሩ አሳዩ። ለጠብ የሚቸኩል ልጅ እንዲህ ያለውን ፊልም ይፈልጋል፤ ፊልሙም ጠቡን ሊያባብስበት ይችላል። ቶሎ የሚደነግጥ ልጅ ግን ከዚያው ፊልም የሚተርፈው ፍርሃት ነው።

ስለዚህ፦
✅ «ምን አየ?» ብቻ ሳይሆን «ልጄ ምን ዓይነት ነው?» ብላችሁም ጠይቁ።
✅ ለምትባንነው ልጅ፣ ከመኝታ በፊት ደም የሚታይበት ነገር፣ ዜናም ቢሆን፣ ይቅርባት።
✅ ለካራቴው ጀግና ክልከላ ብቻ አይበቃም፤ አብራችሁት ተቀምጣችሁ «እውነት ቢሆን የተመታው ሰው ምን ይሆን ነበር?» በሉት። ጉልበቱን የሚያወጣበት ኳስም ስጡት።
✅ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ምክር መሠረት፣ ከ2 ዓመት በታች ላሉ ቴሌቪዥንም ስልክም አይመከርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ።

ቅዠቱ ሳምንታት ከቆየ፣ አልጋ ማርጠብ ከጀመረ ወይም ልጁ ሌሎችን የሚጎዳ ከሆነ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።