የብሩዥ ቢራና የግብር ሰብሳቢው መዝገብ

ቤልጅየም ደርሼ መምጣቴን የሰማችሁ ወዳጆቼ «መቼም ቢራውን ሳትቀምስ አልተመለስክም» እያላችሁ በውስጥ መስመር ስትጽፉልኝ ሰነበታችሁ። ቀምሻለሁ። የእህቴ ልጅ እዚያ ነው የሚኖረው። «ጋሼ፣ ታሪክ ከወደዱ ዛሬ ሙዚየሙን ይተውትና ከእኔ ጋር ይምጡ» አለና ብሩዥ ከተማ ውስጥ ከመጠጥ ቤት መጠጥ ቤት እየተዞረ ቢራ የሚቀመስበት የእግር ጉብኝት ላይ አስመዘገበኝ። አሥር ያህል ሰዎች ነበርን። አንዲት አስጎብኚ ከፊት ትሄዳለች፣ በየቤቱ በትንሽ ብርጭቆ ይቀዳል፣ ታሪክ ይወራል፣ ከዚያ ደግሞ መንገድ። ስለ ጣዕሙ ሰፊ ሐተታ የምትጠብቁ ከሆነ ከአሁኑ ይቅርታ፤ እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። የቀድሞ ተማሪዎቼ ታውቁኛላችሁ፣ መምህር ጡረታ ቢወጣም አመሉ አይወጣም። (ዓመተ ምሕረቱ፣ ካልጠቀስኩ በቀር፣ ሁሉም እንደ አውሮፓውያን ነው።)

ስለ ከተማዋ ባጭሩ። ብሩዥ በ14ኛውና በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከአውሮፓ ታላላቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች። የእንግሊዝ ሱፍ፣ የጣልያን ባንክ፣ የጀርመን ነጋዴ ሁሉ እዚያ ይገናኝ ነበር። በኋላ ወደ ባሕር የሚያወጣት ዝዊን የሚባለው የውሃ መንገድ በደለል ተሞላ፣ ነጋዴውም ወደ አንትዌርፕ ሄደ። ከተማዋ ደኸየች፤ ድህነቷ ግን ቤቶቿን አተረፈላት፣ አፍርሶ አዲስ የሚሠራ ገንዘብ ያለው ሰው አልነበረማ! ዛሬ ቱሪስቱ የሚጎርፈው ያን ለማየት ነው።

እኔን ያስቆመኝ ግን የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያለ አንድ ቤተ መንግሥት የሚመስል ትልቅ ሕንፃ ነው። ስሙ ግሩትሁዘ ይባላል፤ አሁን ሙዚየም ነው። «ሁዘ» ቤት ማለት ነው። «ግሩት»ስ? እዚህ ላይ ጆሮዬ ቆመ። ሆፕስ በየቢራው መግባት ከመጀመሩ በፊት የዚያ አገር ሰው ቢራውን የሚያጣፍጠውና የሚያቆየው ግሩት በሚባል የቅጠላ ቅጠል ድብልቅ ነበር፤ ዋናው ረግረግ ላይ የሚበቅል ሽታው ኃይለኛ የሆነ ቁጥቋጦ ነው። አስጎብኚዋ ይህን ስትናገር የእህቴ ልጅ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። «ጌሾ ነው የምትለው» አለኝ በአማርኛ። ተክሉ ሌላ ነው፣ ሥራው ግን ያው። ስለዚህ «የጌሾ ቤት» ብዬ ብተረጉመው የሚቆጣኝ ያለ አይመስለኝም።

እንግዲህ የጌሾ ቤት እንዴት ቤተ መንግሥት አከለ? ግሩትን እንደፈለጉ ቀጥፎ መደባለቅ አይቻልም ነበር። የመሸጥ መብቱ የገዢው ነው፤ ገዢው ደግሞ መብቱን ለአንድ ባላባት ቤተሰብ ይሰጣል። ቢራ የሚጠምቅ ሁሉ ግሩቱን የግድ ከዚያ ቤት ይገዛል። ድብልቁ ምን ምን እንዳለበት በምስጢር ይያዛል። ብልሃቱን ተመልከቱ! ግብር ሰብሳቢው በየጓዳው እየገባ በርሜል መቁጠር አያስፈልገውም፤ ቅጠሉን ከያዘ ቢራውን ሁሉ ያዘ ማለት ነው።

ከዚያ ሆፕስ መጣ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከሐምቡርግና ከብሬመን በመርከብ የሚመጣው በሆፕስ የተጠመቀ ቢራ ገበያውን አጥለቀለቀው። ሆፕስ ቢራውን ቶሎ እንዳይሆመጥጥ ያደርጋል፣ ስለዚህ ባሕር አቋርጦ ይደርሳል። ጠማቂውም ከግሩት ነፃ የወጣ መሰለው። ወዴት! ግብሩ ከቅጠሉ ወደ ቢራው ተዛወረ እንጂ አልቀረም፤ የግሩትሁዘ ቤተሰብም ድርሻውን መሰብሰቡን ቀጠለ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የቤቱ ጌታ የነበረው ሉዊ፣ የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ አራተኛ በ1470 ዙፋኑን አጥቶ ሲሰደድ ያስጠለለው ሰው ነው። ንጉሡ ዙፋኑን መልሶ ሲይዝ በ1472 የዊንቸስተር መስፍንነት ሰጠው። ሉዊ በእጅ የተጻፉ ውብ መጻሕፍት ሰብሳቢም ነበር፤ ብዙዎቹ ዛሬ ፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ከቤቱ ሳይወጣ ቅዳሴ የሚያይበት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር የተያያዘ የግል ጸሎት ቤትም አሠርቷል። በግምባሬ ተደፍቼ ልስም ምንም አልቀረኝም፣ ይህ ሁሉ ከጌሾ ግብር የተነሳ ነው እኮ! በእርግጥ የቤተሰቡ ሀብት ምንጭ ያ ብቻ አይደለም፣ ስማቸው ግን እስከ ዛሬ ያው ነው።

ከዚያ ወደ ገበያው አደባባይ ሄድን። ክራነንቡርግ የሚባል ካፌ አለ። ለግብር አንጋጦ ያደረ ሕዝብ አንድ ቀን ሲመረው ምን እንደሚያደርግ የሚታየው እዚህ ነው። በ1488 የብሩዥ ሰዎች የሃብስቡርጉን ማክሲሚሊያንን፣ በኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆነውን ሰውዬ፣ በዚሁ ቤት አስረው ለሳምንታት ያዙት። ባለሟሉን ፒተር ላንካልስንም አንገቱን ቀሉት። ሰውዬው ተፈቶ ከተማዋን ሲቀጣ፣ ነዋሪዎቹ የእብዶች ቤት እንዲያሠራላቸው ቢለምኑት «የከተማችሁን በር ዝጉት፣ ያኔ የእብድ ቤት ይሆናል» አለ የሚባል ጨዋታ አላቸው። ጨዋታ ነው፣ እንደ ሰነድ አትያዙት። ስድቡን ግን ወደዱት፤ «ግማሽ ጨረቃ» የሚባለው የከተማዋ ጠመቃ ቤት በ2005 ያወጣው ቢራ ስሙ «ብሩግሰ ዞት»፣ የብሩዥ ቂል ነው። ይህ ጠመቃ ቤት ከ1856 ጀምሮ በአንድ ቤተሰብ እጅ አለ። በ2016 ደግሞ ከባድ መኪና የድንጋይ ንጣፉን መንገድ እንዳይጎዳ ብሎ ከመሀል ከተማ ውጭ ወዳለው ማሸጊያው 3 ኪሎ ሜትር የሚያህል የቢራ ቧንቧ ከመሬት በታች ዘረጋ። የውሃ ቧንቧ አላልኩም፣ የቢራ።

ቭሊሲንገ የሚባለው መጠጥ ቤት ከ1515 ጀምሮ አለ። አስቡት፣ ግራኝ አሕመድ ገና ሽምብራ ኩሬ ላይ ሳይዋጋ ማለት ነው። ሰዓሊው ሩበንስ ሒሳብ ላለመክፈል ጠረጴዛው ላይ የሳንቲም ሥዕል ስሎ ሾልኮ ሄደ የምትል ተረት አለቻቸው። ሁሉም ይስቃል። እኔም ሳቅሁ።

የጉብኝቱ መካከል ላይ የመነኮሳቱ ነገር መጣ። ቱሪስት ይህን ይወዳል፤ ቆብ የደፋ መነኩሴ በሻማ ብርሃን የሺህ ዓመት ምስጢር ሲጠምቅ ይታየዋል። አስጎብኛችን ግን እውነተኛ ሰው ነበረች፣ ሸፋፍና አላለፈችም። በጥንቱ ዘመን ገዳማት ቢራ ይጠምቁ እንደነበር እርግጥ ነው። ነገር ግን የፈረንሳይ አብዮተኞች በ1795 አገሩን ጠቅልለው ሲይዙ በዓመቱ ገዳማቱን ዘጉ፣ መነኮሳቱን በተኑ፣ ንብረቱን ሸጡ። ዛሬ ስማቸው የገነነው የትራፒስት ገዳማት ቢራ መጥመቅ የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው፤ ዌስትማለ በ1836፣ ሺሜ በ1862፣ ኦርቫል ደግሞ በ1931። ዓለም የሚያውቀው ወርቃማውና ብርቱው የዌስትማለ «ትሪፕል» የ1934 ልጅ ነው። ከእኛው ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ያንሳል ማለት ነው፣ ጊዮርጊስ 1922 ነውና።

ታዲያ የቤልጅየም ቢራ ለምን እንዲህ በረታ? እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ጦርነትና ሕግ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ብሩዥን ከጥቅምት 1914 እስከ ጥቅምት 1918 ይዘው የሰርጓጅ መርከብ ጣቢያ አደረጓት። በያዙት አገር ሁሉ የጠመቃ ቤቶችን የመዳብ ጋን እየነቀሉ ለጦር መሣሪያ ወሰዱት። በ1900 ቤልጅየም ውስጥ ከ3,000 በላይ ጠመቃ ቤቶች ነበሩ፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ብዙዎቹ ዳግም አልተከፈቱም።

ሕጉ ደግሞ የ1919 ነው። የፍትሕ ሚኒስትሩ ኤሚል ቫንደርቬልደ ሶሻሊስት ነበሩ። ሠራተኛው ደመወዙን በአረቄ እየጨረሰ ቤተሰቡ ሲራብ አይተው፣ በመጠጥ ቤት አረቄ እንዳይቀዳ የሚከለክል ሕግ አስወጡ። ሱቅ ውስጥም ከሁለት ሊትር ባነሰ መሸጥ ተከለከለ። ለምን ሁለት ሊትር? የቀን ሠራተኛ ኪስ ያን ያህል ባንድ ጊዜ አይችልማ። ዓላማው መልካም ነበር። ጠማቂዎቹ ግን ሰውዬው አረቄ ከቀረበት የሚያሞቅ ቢራ ይፈልጋል ብለው አልኮሉን ከፍ አደረጉት። በዚያው ሰሞን አንድ ጠማቂ ከስኮትላንድ እርሾ አምጥቶ፣ ለጦርነቱ ድል መታሰቢያ ብሎ የሠራው ቢራ በ1923 «ዱቭል» የሚል ስም ወጣለት፤ ሰይጣን ማለት ነው። 8.5 በመቶ አልኮል አለው፣ ስሙ ይገባዋል። የብርታቱ ምክንያት ሕጉ ብቻ ነው ብዬ አልከራከርም፣ ከእንግሊዝ ቢራ ጋር የነበረው ፉክክርም አለበት። ሕጉ የተሻረው በ1983 ነው። ስካርን ሊቀንስ የወጣ ሕግ የዓለምን ብርቱ ቢራ አሳደገ፤ ክፍል ውስጥ ባለሁ ኖሮ ይህችን ለፈተና አወጣት ነበር።

አሁን ወደ እኛ ቤት ልምጣ፣ የምመጣበት ምክንያት ስላለኝ ነው። አስጎብኛችን መጨረሻ ላይ ባለው ቤት በኩራት፣ «የቢራ ባህላችን በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፣ በ2016» አለች። የት እንደተመዘገበ ጠየቅኋት። ፈገግ ብላ ትከሻዋን ነቀነቀች። እኔ ነገርኳት። አዲስ አበባ! የዩኔስኮ ኮሚቴ በዚያ ዓመት የተሰበሰበው ካዛንቺስ፣ በኢሲኤ አዳራሽ ነበር። የቤልጅየም ቢራ የጸደቀው ኅዳር 21 ቀን 2009 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ኅዳር ጽዮን! የገዳ ሥርዓትም የተመዘገበው በዚሁ ጉባኤ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ አዳራሹ ውስጥ የቤልጅየም ቢራ ሲጨበጨብለት፣ ከአጥሩ ውጭ በስንቱ ቤት ለጽዮን ጠላ ተቀድቶ ነበር።

ቅናት አይደለም። ያገኙት ይገባቸዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ከአእምሮዬ ያልወጣው ሌላ ነው። ስለ ብሩዥ ቢራ ይህን ሁሉ ልነግራችሁ የቻልኩት ለምንድነው? ግሩት ግብር ስለነበረበት ነው። ግብር ያለበት ነገር ይጻፋል፤ ስንት ተሸጠ፣ ማን ከፈለ፣ ማን ሸሸ። ጸሐፊው ለታሪክ ብሎ አልጻፈም፣ ለጌታው ሣንቲም ብሎ ነው። ቢራ እዚያም ድሮ የሴት የጓዳ ሥራ ነበር፤ ግብርና ማኅበር ሲመጣ ግን ወደ ወንዱ እጅና ወደ መዝገቡ ገባ። የእኛ ጠላ በአመዛኙ ከጓዳ አልወጣም። ጌሾ ተዘርቶ፣ ተሸጦ፣ ስንት ትውልድ አጠጥቶ፣ የጌሾ ቤት የሚባል ቤተ መንግሥት አልተሠራበትም፤ ጥሩ ነው እላለሁ። ግን መዝገብም የለው። የነገሥታቱ ዜና መዋዕል ግብር መብላቱን ይነግረናል፣ ጠጁ መፍሰሱን ይነግረናል፤ የጠመቀችውን ሴት ስም ፈልጌ አላገኘሁም። ያ እውቀት ያለው ሰው ውስጥ ነው፣ ሰው ደግሞ ያልፋል። የእኔ እናት ካለፈች 19 ዓመቷ ነው።

ማታ ከእህቴ ልጅ ጋር ቤት ስንገባ «እማዬ ጋ እንደውል» አለ። ደወልን። ታላቅ እህቴ ናት፣ ደብረ ብርሃን ነው ያለችው። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ከጋኑ እጥበት ጀምራ ትንገረኝ አልኩ። ጋኑ በግራዋ ይፈተጋል፣ በወይራ ይታጠናል። የጌሾው ቅጠል ተወቅጦ በውሃ ይጠነሰሳል። ብቅሉና ቂጣው ይገባል። እንኩሮው ተነኩሮ ሲጨመር ድፍድፍ ይሆናል። «ብቅሉ በስንት ነው?» አልኳት። «በእጅ ነው እንጂ በምን ይሆናል!» «እሺ ጥንስሱ መድረሱን በምን ታውቂያለሽ?» «ጆሮዬን ጋኑ ላይ አደርጋለሁ። ሲፈላ ይናገራል።» የእናታችን አካሄድ ከእሷ በምን እንደሚለይም ነገረችኝ፤ እናታችን ገብሱን ጠቆር አድርጋ ነበር የምትቆላው፣ ለዚያ ነው ጠላዋ ጥቁር የነበረው። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። አራት ገጽ ሞላ።

«ለመሆኑ ይህን ሁሉ የምትጽፈው ለማን ነው?» አለችኝ።

«ለተማሪዎቼ።»

«እነሱ እናት የላቸውም እንዴ?» አለችና ስቃ ስልኩን ለልጇ አቀብለው አለችኝ።