የአሜዴኦ ሞዲሊያኒ የእርቃን ሥዕሎች

አሜዴኦ ሞዲሊያኒ (እ.ኤ.አ. ከ1884 እስከ 1920) በጣልያን አገር በሊቮርኖ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ ሠዓሊና ቀራጺ ነበር። ከ1906 ጀምሮ በፓሪስ ኖሯል። በተለይ ከ1916 እስከ 1919 ባሉት ዓመታት የሣላቸው የሴቶች እርቃን ሥዕሎች በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ውስጥ በጣም ከታወቁት ሥራዎች መካከል ናቸው። የሴትን ገላ ያሳየበት መንገድ በዘመኑ ፖሊስን ያስነሣ ሲሆን፣ እስከ ዛሬም ያከራክራል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አመጣጥ

ሞዲሊያኒ ከ1909 እስከ 1914 ገደማ በይበልጥ የድንጋይ ቅርጽ ይሠራ ነበር። የሮማንያውን ቀራጺ የኮንስታንቲን ብራንኩሺን ምሳሌ ተከትሎ፣ የምዕራብ አፍሪካን ጭምብሎችና የጥንት ግብፅን ቅርጾች አጥንቷል። ረጅሙ አንገት፣ ቀጭኑ አፍንጫና የአልሞንድ ቅርጽ ያለው ዓይን ከዚያ ወደ ሥዕሎቹ ተሻገሩ። የእርቃን ሥዕሎቹን እንዲሠራ ያበረታታው የፖላንድ ተወላጁ የሥዕል ነጋዴ ሊዮፖልድ ዝቦሮቭስኪ ነበር። መሥሪያ ክፍል፣ ቀለምና የቀን አበል ይሰጠው ነበር፤ ለሞዴሎቹም ይከፍል ነበር።

የአሣሣል ባሕርይ

የአውሮፓ የሥዕል ትምህርት ቤቶች እርቃን ሴትን የሚፈቅዱት አብዛኛውን ጊዜ በቬነስ ወይም በሌላ የተረት አምላክ ስም ነበር። ገላዋም እንደ እብነ በረድ የለሰለሰ፣ ጸጉር የሌለበት ሆኖ ይሣል ነበር። ኤድዋር ማኔ በ1865 ለሕዝብ ባሳየው «ኦሎምፒያ» ይህን ልማድ ጥሷል። ሞዲሊያኒ ደግሞ ተረቱን ጨርሶ ተወው። ሴቶቹ የዘመኑ የፓሪስ ሴቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹ የአንገት ጌጥ አድርገዋል። ገላቸው ሸራውን ከዳር እስከ ዳር ይሞላል፤ እጅና እግራቸው ብዙ ጊዜ በሥዕሉ ጠርዝ ይቆረጣል። የብብትና የብልት ጸጉርም ሳይደበቅ ተሥሏል።

የ1917 ዐውደ ርእይ

ታኅሣሥ 3 ቀን 1917 በፓሪስ፣ በበርት ቬይ የሥዕል አዳራሽ፣ በሕይወት ሳለ ብቸኛ የሆነው የግል ዐውደ ርእዩ ተከፈተ። በመስኮት በኩል የታየ እርቃን ሥዕል መንገደኛውን ሰበሰበ። የፖሊስ አዛዡም ሥዕሎቹ እንዲነሡ አዘዘ። ዋናው ክስ እርቃንነቱ ሳይሆን የብልት ጸጉሩ መታየቱ ነበር።

ክርክሩ

አንዳንድ ተቺዎች እነዚህ ሥዕሎች ሴትን ለወንድ ዓይን ምኞት ያቀረቡ ናቸው ይላሉ፤ ፊት ከገላው ያነሰ ትኩረት ማግኘቱን ያነሣሉ። ሌሎች ግን ሴቶቹ ተመልካቹን ሳያፍሩ ፊት ለፊት ማየታቸውን፣ የራሳቸው ፍላጎት እንዳላቸው ሆነው መቅረባቸውን ያስረዳሉ። ሞዲሊያኒ የልጁን እናት ዣን ኤቡቴርንን ደጋግሞ የሣላት ግን ልብስ እንደ ለበሰች ነው። እርሷም ራሷ ሠዓሊ ነበረች።

ኋላ ያገኙት ዋጋ

ሞዲሊያኒ ጥር 24 ቀን 1920 በ35 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ሳቢያ በድህነት ሞተ። በ2015 ከእርቃን ሥዕሎቹ አንዱ በኒው ዮርክ ጨረታ 170.4 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2018 ሌላው 157.2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ለሥዕሎቹ ሞዴል ሆነው ከቀረቡት ሴቶች ግን የብዙዎቹ ስም አይታወቅም።